የመቅረጫ ማሽን ቸክ

የመቅረጫ ማሽን ቸክ በእንጨት መቅረጫ ማሽን ላይ ከሞተሩ ዘንግ ጫፍ የሚገጠም፣ የመቁረጫውን ጥርስ (ፑንታ ወይም ቢት) ጨምድዶ የሚይዝ የብረት ክፍል ነው። የሞተሩ ኃይል ወደ እንጨቱ የሚደርሰው በዚህ ክፍል በኩል ስለሆነ ቸኩ ሲበላሽ ቅርጹ ይዛነፋል፣ ፑንታው ይሰበራል፣ ሲከፋም ከመያዣው ወጥቶ ሠራተኛውን ሊጎዳ ይችላል። በቤት ውስጥ በሚሠራባቸው ትንንሽ ማሽኖች ላይ ቸክ እንደ ፑንታው ሁሉ አልቆ የሚቀየር ዕቃ ነው።

ስያሜ

በኢትዮጵያ የብረትና የእንጨት ሥራ ቤቶች የሚነገሩ ብዙ የመሣሪያ ስሞች ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው፤ ለምሳሌ ፑንታ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ሞርሳ እና ቶርኖ። ቸክ የሚለው ቃል የመጣው ከእንግሊዝኛ ነው። ኮሌት ደግሞ መነሻው ፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙ «ትንሽ አንገትጌ» ማለት ነው።

ዓይነቶች

ባለ ሦስት መንጋጋ ቸክ በእጅ መሰርሰሪያ ላይ የሚታየው ነው። በቁልፍ የሚጠብቀውን የታወቀውን ዓይነት አሜሪካዊው አርተር ጄኮብስ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ይህ ቸክ ወደ ፊት ብቻ ለሚገፋ ሥራ የተሠራ ነው። ቅርጽ ሲወጣ ግን ፑንታው ወደ ጎን ስለሚገፋ መንጋጋዎቹ ይላላሉ፤ ስለዚህ መሰርሰሪያን በመቅረጫ ቦታ መጠቀም አይመከርም።

ኮሌት ዙሪያውን የተሰነጣጠቀ፣ ወደ አንድ ወገን የሾጠጠ የብረት ቀለበት ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ኮሌቱን ወደ ሾጣጣው ቤት ይገፋዋል፤ ስንጥቆቹም ተጠጋግተው ፑንታውን ከዙሪያው እኩል ይይዙታል። በሰፊው የተሰራጨው ኢ.አር. የተባለው ዓይነት ከስዊዘርላንዱ ሬጎ ፊክስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የወጣ ሲሆን ጎኑ 8 ዲግሪ የሾጠጠ ነው። በስሙ ላይ ያለው ቁጥር የኮሌቱን ሰፊ ወገን በሚሊሜትር በግምት ያመለክታል። ኢ.አር. 11 በቤት ማሽኖች ላይ የተለመደ ሲሆን እስከ 7 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፑንታ ይይዛል።

የጉዳት ምልክቶች

* ፑንታው ሲሽከረከር ጫፉ ይወዛወዛል፤ የተቆረጠው መስመርም ከፑንታው ስፋት በላይ ይሰፋል።
* በሥራ ላይ ፑንታው ቀስ እያለ ከመያዣው ይወጣል። እንዲህ ሲሆን ቅርጹ ከታዘዘው ጥልቀት በላይ እየጠለቀ ይሄዳል።
* በፑንታው እጀታ ላይ ጥቁር ወይም የተፋቀ ቀለበት ይታያል። ይህም መንሸራተቱን ያመለክታል።
* ኮሌቱ ውስጥ ዝገት፣ ጭረት ወይም የተሰበረ ጥርስ ይገኛል።

ምክንያቶች

ዋነኛው ምክንያት የመጠን አለመግጠም ነው። 6 ሚሊሜትር እጀታ ያለው ፑንታ ለ6.35 ሚሊሜትር (ሩብ ኢንች) በተሠራ የራውተር ኮሌት ውስጥ የሚገባ ይመስላል፤ ዳዶውም ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ኮሌቱ የሚይዘው በጥቂት ነጥቦች ብቻ ስለሆነ ፑንታው ይንሸራተታል፣ ኮሌቱም ቅርጹን ያጣል። ሁለተኛው ፑንታ ሳይገባበት ዳዶውን ማጥበቅ ነው፤ ባዶው ኮሌት ይጨመደድና ወደ ቀድሞ ክቡ አይመለስም። ሦስተኛው በኮሌቱና በሾጣጣው ቤት መካከል የሚጋገር የእንጨት ብናኝና ሙጫ ነው። እንደ ወይራ ያለ ጠንካራ እንጨት ላይ በአንድ ጊዜ በጥልቀት መቁረጥም መያዣውን ያደክማል፤ እንደ ዋንዛ ያለ ለስለስ ያለ እንጨት ጫናው ያነሰ ነው።

አቀያየር

1. ማሽኑ ከሶኬት ይነቀላል። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ በቂ አይደለም።
2. ዘንጉ በአንድ ቁልፍ ይያዛል፣ ዳዶው በሌላ ቁልፍ ይፈታል። ፑንታው፣ ቀጥሎም ኮሌቱ ይወጣል።
3. የሾጣጣው ቤት ውስጥ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። የቤቱ ግድግዳ ከተጫረ ወይም ዘንጉ ከጎበጠ አዲስ ኮሌት ብቻውን ችግሩን አይፈታም፤ የቸኩ አካል ራሱ መቀየር አለበት።
4. በትንንሽ ማሽኖች የቸኩ አካል በ5 ሚሊሜትር የሞተር ዘንግ ላይ የሚሰካ ነው። በጎኑ ትንንሽ ማሰሪያ ብሎኖች ካሉት እነሱ በአለን ቁልፍ ይላላሉ። ተጠብቆ የገባ ከሆነ በመንቀያ ይወጣል። በመዶሻ መምታት የሞተሩን ኩሽኔታ ይጎዳል።
5. አዲሱ ቸክ ከተገጠመ በኋላ ኢ.አር. ኮሌት መጀመሪያ ዳዶው ውስጥ «ጠቅ» እስኪል ይገባል፤ ከዚያ ዳዶው ከዘንጉ ጋር ይያያዛል። ኮሌቱን ቤቱ ውስጥ ከቶ ዳዶውን በላዩ ማሰር የተለመደ ስህተት ነው፤ ኮሌቱን አጣሞ ያስቀራል።
6. ፑንታው ገብቶ ታች ከነካ በኋላ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ይሳባል፣ ከዚያም ዳዶው ይጠብቃል። ኮሌቱና ቤቱ ደረቅ መሆን አለባቸው፤ ዘይት መያዣውን ያንሸራትታል።
7. ዘንጉ በእጅ ይሽከረከራል። ካልተወዛወዘ ማሽኑ እንጨት ሳይነካ በዝቅተኛ ፍጥነት ይሞከራል። በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ላይ የፑንታው ርዝመት ስለተለወጠ የከፍታው መነሻ ነጥብ እንደገና ይወሰናል።

በሙከራና በሥራ ጊዜ የዓይን መከላከያ መነጽር ይደረጋል። ጓንትና የተንጠለጠለ ልብስ በሚሽከረከር ቸክ አጠገብ አደገኛ ናቸው።

በልደታ እና በአዲስ አበባ

በአዲስ አበባ ልደታ የግንባታና የቴክኒክ ትምህርት ረጅም ታሪክ ያለበት አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተመሠረተው የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ሕንፃ ኮሌጅ የሚባለውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው፣ የሚገኘው በዚሁ ሰፈር ነው። ተግባረ ዕድ የቴክኒክ ትምህርት ቤትም ከሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ነው። የልደታ ክፍለ ከተማ መርካቶ ካለበት አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ጋር ይዋሰናል። ልኩ የታወቀ ማያያዣ በቶርኖ ቤት ሊወጣ ይችላል፤ ኮሌት ግን የተጠነከረና በመቶኛ ሚሊሜትር ልክ የተሞረደ ብረት ስለሆነ በቶርኖ ብቻ የተሠራ ምትክ አይስተካከለውም። ዕቃ ሲገዛ አሮጌውን ኮሌትና ፑንታውን ይዞ ሄዶ ማመሳከር የኢንችና የሚሊሜትር መምታታትን ያስቀራል።

የአገሪቱ የመብራት መስመር 220 ቮልት ነው። ከሰሜን አሜሪካ የመጣ የ120 ቮልት ማሽን ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ሥራ ላይ እያለ መብራት ሲጠፋም ፑንታው እንጨቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ማብሪያው ወዲያው ይጠፋል፣ ማሽኑ ከሶኬት ይነቀላል፣ ፑንታውም ቀስ ተብሎ በእጅ ወደ ላይ ይነሣል። አለበለዚያ መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ በድንገት ተነሥቶ ፑንታውን ሊሰብር፣ ቸኩንም ሊያጎብጥ ይችላል።