በሩን የተሻገሩት እነማን ናቸው? ከአምቦ እስከ ወንጪ የእግርና የብስክሌት መንገድ ታሪክ



በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ የተራራ መንገድ ታሪክ ነው። «የሂሳብ መዝገብ የሚያገላብጡ ሰዎች ከተራራ ጋር ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። ብዙዎቹ አባሎቻችን ብድር የሚወስዱት ቅቤ፣ ማር፣ ቆጮ፣ ገብስና ድንች ለመነገድ ነው። ዕቃው ገበያ የሚደርሰው ደግሞ አቀበት ወጥቶ፣ ቁልቁለት ወርዶ ነው። የብድሩ ትርፍና ኪሳራ ግማሹ መንገድ ላይ ይወሰናል።

በአገራችን ተራራ የሚታለፍበት ቦታ ብዙ ጊዜ «በር» ይባላል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚያወርደው ጣርማ በር ስሙን ያገኘው እንዲሁ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን በዚያ ተራራ ውስጥ 600 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ ፈልፍሎ መኪና አሳልፎበታል። ከደባርቅ ቁልቁል የሚወርደው ሊማሊሞም፣ በደቡብ ትግራይ ያለው አላጌም በታሪክ የታወቁ መተላለፊያዎች ናቸው። ስለ እነዚህ ቦታዎች ሲጻፍ የምናነበው ስለ ጦር አዛዦች፣ ስለ ነጋዴዎችና ስለ መሐንዲሶች ነው። ሸክም አዝለው ስላለፉት ሴቶች የሚጻፈው ግን ጥቂት ነው።

በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው ሠራዊት ስንቁን የሚያዘጋጅለት የተለየ ክፍል አልነበረውም። እህል የፈጩት፣ እንጀራ የጋገሩት፣ እንስራና ጋን ተሸክመው ከሸዋ እስከ ትግራይ ተራራ የወጡት ሴቶች ናቸው። እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል፤ በመቀሌው ከበባ የጠላት ምሽግ የሚጠጣው ውሃ እንዲያዝ ያደረጉትም እሳቸው እንደነበሩ ይታወሳል። የውሃን ክብደት በጀርባዋ የምታውቅ አገር ሴት የውሃን ዋጋ ለጦርነትም ብታውቀው አያስገርምም።

ወደ እኛ አካባቢ ስንመለስ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ ታሪክ ከማገዶ ጋር የተያያዘ ነው። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አለም አዲስ ከተማ ማስገንባት ሲጀምሩ አንዱ ምክንያታቸው አዲስ አበባ እንጨት እያለቀባት መምጣቱ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኝ መንገድም ተሠራ። በኋላ ባሕር ዛፍ ተስፋፍቶ ዋና ከተማዋ ባለችበት ጸናች፤ አዲስ አለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፉ ከተማዋን ከመዛወር አዳናት፤ እንጨቱን ከእንጦጦ ተራራ በጀርባቸው ያወረዱት ግን ሴቶች ናቸው። ዛሬም ድረስ የሚያወርዱ አሉ።

በጣልያን ወረራ ዘመን ደግሞ የወሊሶና የወንጪ ተራሮች የአርበኞች መጠጊያ ነበሩ። ገረሱ ዱኪ ጠላትን ያስጨነቁት በዚህ አገር ነው። አርበኛ በዱር የሚቆየው ስንቅና ወሬ የሚያደርስለት ሲኖር ነው። ከዚህ ሥራ ጋር ስማቸው ከሚነሳው መካከል ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ይገኙበታል። ለአርበኞች መሣሪያ፣ መድኃኒትና መረጃ ሲያቀብሉ ተይዘው በጣልያን አገር በአሲናራ ደሴት ታሰሩ፤ ከተመለሱም በኋላ ትግሉን አልተዉም። እንደ እሳቸው ስማቸው ያልተጻፈላቸው፣ ሌሊት በጎፈር ጥሬ ያሻገሩ እናቶች ስንት እንደነበሩ መገመት ይቻላል።

ተራራን ለማየትና ለማወቅ ብላ የተጓዘች ሴት ታሪክ ከውጭም እንጥቀስ። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ በ1955 ዓ.ም. ከአገሯ ተነስታ ብቻዋን በብስክሌት ሕንድ ድረስ ሄዳለች። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ መጥታ ከምጽዋ እስከ አዲስ አበባ፣ የስሜንን ተራሮች ጨምሮ፣ በአብዛኛው በእግሯ ተጓዘች። ጓዟን የተሸከመላት በቅሎ ነበር። ስለ ጉዞዋ የጻፈችው መጽሐፍ በዓለም ተነቧል። እኛ ጀግንነቷን እናደንቃለን፤ በዚያው መንገድ ያለፈቻቸው የገበያ ሴቶች ግን በቅሎም መጽሐፍም አልነበራቸውም።

ብስክሌትም በአገራችን ረጅም ዕድሜ አለው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከላከቻቸው 12 ስፖርተኞች መካከል እነ ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞች ነበሩ። ሁሉም ወንዶች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ግን ሰላም አምሃ በሴቶች የጎዳና ውድድር አገሯን ወክላ ተሰልፋለች። በከተሞቻችን ግን ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ አሁንም ዞር ብሎ የሚያይ ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ መንገዱን ራሳችን ለማየት ተስማማን። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የወንጪ ተራራ ጫፍ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ርቀቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ቀን ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ላይ መውጣት ማለት ነው። የተወሰንነው በእግር፣ ሁለት ወጣት አባላት በብስክሌት ሄድን። ብስክሌተኞቹ ሜዳውን ጥለውን ሄዱ፤ አቀበቱ ሲበረታ ወርደው እየገፉ ከእኛ ጋር ተቀላቀሉ። ከእሳተ ገሞራው አፋፍ ላይ ቆመን ሐይቁን፣ በመካከሉም የቂርቆስ ገዳም ያለበትን ደሴት ስናይ ድካሙን ረሳነው። በዙሪያው እንሰትና ገብስ ለምልሟል።

ከሁሉ በላይ የቀረን ግን መንገድ ላይ ያገኘናት ሴት ነገር ነው። ወደ አምቦ ገበያ እየወረደች ነበር። በኦሮምኛ ሰላም ተባብለን ስታርፍ ሸክሟን ለማንሳት ሞከርን። አንዳችንን ለማሸከም ሁለታችን ማገዝ ነበረብን፤ ያሸከምናትም ሃምሳ እርምጃ አልሄደችም። ሴትዮዋ ስቃ ተቀበለችን። የሚከብዳት መንገዱ ሳይሆን ሳይሸጥላት ያንኑ ሸክም ይዛ ወደ ላይ መመለሱ መሆኑን ነገረችን።

ቢሮ ተመልሰን የብድር ቅጻችንን ስናይ የዕቃ መግዣ፣ ወለድና ትርፍ የሚሞላበት ቦታ አለ። የመንገድ ሰዓት የሚሞላበት የለም። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ሴት 30 ኪሎ ሜትሩን ለመውረድ ብቻ 6 ሰዓት ያስፈልጋታል፤ አቀበቱን ለመመለስ ከዚያ ይበልጣል። አንድ ገበያ ሁለት ቀን ፈጀ ማለት ነው። ይህን ካልቆጠርን በመዝገባችን ላይ «አተረፈች» ያልናት አባል በእውነት አትርፋ እንደሆነ አናውቅም። በብድር ኮሚቴያችን ለአህያ ወይም ለማጓጓዣ የተጠየቀ ገንዘብ «ለፍጆታ ነው» ተብሎ ሲመለስ የቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጊዜው ደግሞ እየተለወጠ ነው። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ሆና ተመርጣለች፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም ግንባታ ተካሂዶባታል። መንገዱ ተሻሽሏል፤ በእግር፣ በፈረስና በብስክሌት ተራራውን ለማየት የሚመጣው እንግዳ ይበዛል። እኛ በሄድንበት ቀን ግን ፈረስ የሚያከራዩትም መንገድ የሚመሩትም ወንዶች ነበሩ። ያንን መንገድ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት ሴቶች ከዳር ቆመው በቆሎ ይጠብሱ ነበር።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በብድር ቅጹ ላይ የመንገድ ሰዓትና የማጓጓዣ ወጪ እንዲጨመር። ሁለተኛ፣ አህያ፣ ጋሪና ብስክሌት እንደ ሥራ ዕቃ ተቆጥረው ብድር እንዲፈቀድላቸው። ሦስተኛ፣ ፍላጎት ያላቸው ወጣት አባላት መንገድ መምራትና ብስክሌት መጠገን የሚሠለጥኑበት መንገድ እንዲፈለግ፤ ለዚህኛው የደጋፊዎቻችንን እጅ እንጠይቃለን።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ማህበራችንም የተቋቋመው ሎሚውን ለመከፋፈል ነው። ከጉባኤው በፊት እያንዳንዷ አባል ለአንድ ወር ከቤቷ እስከ ገበያ የሄደችበትን ሰዓት በቁጠባ ደብተሯ የኋላ ገጽ ላይ እየጻፈች ብታመጣልን፣ ድምሩን ሠርተን ለጉባኤው እናቀርባለን። መጻፍ ለሚያስቸግራቸው እናቶች ልጆቻቸው ወይም የቡድን ጸሐፊዎቻቸው እንዲያግዙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።