ቴአትርን ለሕፃናት ስለ ማስተማር

የቴአትራችን ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ ስለ ታላላቆቹ አዳራሾች ብዙ ይባላል፤ ስለ ተማሪ ቤት ግን የሚባለው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የአማርኛ ቴአትር አዳራሽ ሳይሠራለት አስቀድሞ ያደገው በተማሪ ቤት ነው። ይህን ለማስታወስ የተነሣነው በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሕፃናት ቴአትር ሲያጠኑ በተመለከትን ጊዜ፣ ከቀደሙት ሰዎች ሥራ እኩሌታው ተይዞ እኩሌታው የቀረ መስሎ ስለ ታየን ነው።

የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የደረሱት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» መሆኑ የታወቀ ነው። በአዲስ አበባ የታየው በ1913 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ደራሲው በሩስያና በምዕራብ አውሮፓ የተማሩ ሰው ነበሩና፣ ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን የጻፋቸውን የእንስሳት ተረቶች መሠረት አድርገው፣ አውሬውን እንደ ሰው እያናገሩ የጊዜውን አስተዳደር ጉድለት ነቀፉ። ለሕፃን የሚነገር ተረት የሚመስለው ጨዋታ ለመኳንንቱ መራራ ሆነባቸው፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥትም ታገደ፤ መጽሐፉም እንዲሰበሰብ ተደረገ።

ከዚህ በኋላ ቴአትር ጥቂት ዓመታት ተኝቶ ሲነቃ፣ የነቃው በተማሪዎች አንደበት ነው። የ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል በሚከበርበት ዘመን እነ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና እነ መላኩ በጎሰው ድርሰታቸውን ለተማሪዎች እያስጠኑ በሕዝብ ፊት አሳዩ። ዮፍታሔ የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። የተወለዱትም በጎጃም፣ የቅኔ ሊቃውንት በሚፈልቁባት በደብረ ኤልያስ ነው። ዛሬ ከዚያ አገር ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ በእንጦጦ በኩል ይገባል።

ስለ ቅኔ ቤት ጥቂት ሳንናገር ልናልፍ አንወድም። በዚያ ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ብቻ ሲያጠና አይኖርም፤ ራሱ ይቆጥራል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይሞክራል፤ ሲበረታ እየረዘመለት ሄዶ እስከ መወድስ ይደርሳል። ቀኑን ብቻውን ከአንድ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቃሉን ሲያወጣና ሲያወርድ ውሎ፣ ኋላ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል፤ መምህሩም ያርመዋል። ቢሳሳት አያፍርም፤ ባዶ አፉን መምጣቱ ነው የሚያሳፍረው። ብራናም ቀለምም አያሻውም፤ ሥራው ሁሉ በቃል ነው።

ዮፍታሔ በዚህ ሥርዓት ያደጉ ሰው ናቸው። ነገር ግን በዘመናዊው ትምህርት ቤት ቃሉን የሚያፈልቁት እርሳቸው፣ አጥንተው የሚናገሩት ሕፃናቱ ሆኑ። ለጊዜው ሌላ መንገድ አልነበረም ቢባል እንቀበላለን፤ ቴአትር አይቶ የሚያውቅ ሕፃን ከየት ይገኝ ነበር? ከነጻነት በኋላም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሳሉ ለልጃገረዶቹ ቴአትር እየጻፉ ያሠሩ ነበር። ልጃገረድ በሰው ፊት ቆማ መናገሯ ራሱ በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። እዚያም ቢሆን ብዕሩ በአስተማሪዋ እጅ ነበር።

ብዕሩ ወደ ልጅ እጅ ሲገባ የምናየው ከአዲስ አበባ ውጭ ነው። በቡራዩ አልፎ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ አምቦ ያደርሳል። የቦዳው ተወላጅ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ በኋላ ሎሬት የተባለው፣ ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ ቴአትር ጽፎ፣ ድርሰቱ በአምቦ ትምህርት ቤት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ታየለት። ጸጋዬ አማርኛና ኦሮምኛ እየሰማ ያደገ፣ ግዕዝና ቅኔም የቀመሰ ልጅ ነበር። ኋላ ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ የመለሰው ይኸው ልጅ ነው። ተሰጥኦ የሌለው ቢጽፍ ጸጋዬን አይሆንም የሚል ይኖራል፤ ሆኖም መወድስ የሚደርሰው ጥቂት ነው ተብሎ ጉባኤ ቃና የተከለከለ ተማሪ አልሰማንም።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርት ገብቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ብዙ ጊዜ የምናየው የሰኔ የወላጆች በዓል ሲቀርብ መምህሩ ሌሊቱን ጽፎ ያመጣውን ሕፃኑ በሳምንት ውስጥ ሸምድዶ፣ እጁን ወደ ላይ እያነሣ ሲጮኽ ነው። ወላጅ ያጨበጭባል፤ በማግሥቱ ግን ልጁ አንድ ቃል አያስታውስም።

እኛ ከጉባኤ ቃና እንዲጀመር እንመክራለን፤ ይኸውም ሁለት ሰዎች፣ አንድ ጠብ። አንዷ ልጅ የጎረቤት በሬ ማሳዋን የበላባት ገበሬ ትሁን፤ ሌላው የበሬው ባለቤት ይሁን፤ ይሟገቱ። የሚሉትን ማንም አይንገራቸው። በእንቆቅልሽና በሂቦ ያደገ ሕፃን ተናጋሪና መላሽ ሆኖ መጫወትን ከቤቱ ይዞት መጥቷል። በአማርኛ የጀመረው በኦሮምኛ ቢመልስ፣ በገበያም በሰፈርም የሚሰማው እንደዚሁ ነውና መምህሩ አያቋርጠው። የሦስተኛ ክፍል ልጅ እጁ ለጽሕፈት ገና ነው፤ ስለዚህ እርሱ ይናገር፣ መምህሩ ይጻፍለት። በማግሥቱ ተነብቦለት «ይህን አላልኩም» ካለ ይታረም። በሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት እንዳለ እናውቃለን፤ ዓይኑ የማያይ ሕፃንም እንደ ቅኔ ተማሪው በቃሉ ቢደርስ የሚጎድልበት ነገር የለም። የተጻፈው ደብተር በየክፍሉ ስም ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ ለሚመጣው ሰኔ የሚሠራው ቴአትርም ከዚያ ውስጥ ይመረጥ።