ኮምፒውተሩ «ዲስኩን አላውቀውም» ሲል

ባለፈው የበረዶ ወራት አንድ ምሽት፣ እዚሁ ስቶክሆልም ሪንከቢ የሚኖሩ አንድ አባት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ዲስኩን አላውቀውም ብሎኛል። አሁን ደግሞ ፎርማት ላድርገው ወይ እያለ ይጠይቀኛል። እሺ ልበለው?» «ጋሼ፣ እባክዎን ምንም አይጫኑ፤ እየመጣሁ ነው» አልኳቸው። በዚያ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ውስጥ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ የለፉበት ሥራ አለ፤ በስካነር አንድ በአንድ የገለበጧቸው የቤተሰብ ፎቶግራፎችና የሟች እናታቸው ድምፅ ያለበት ካሴት ቅጂ። ካሴቱ ራሱ ቤት ሲቀየር ጠፍቷል።

የዚህ ዓይነት ስልክ በወር አንዴ ይደርሰኛል ብል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው አሰብኩ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ይህን ልበል፦ ዲስኩ አልታየም ማለት ዲስኩ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ዲስኩ ሞቷል ማለትም ውስጡ ያለው ሁሉ ጠፍቷል ማለት አይደለም። እኔ ካየኋቸው ውስጥ ፎቶና ሰነድ በአብዛኛው የጠፋው ከብልሽቱ በኋላ፣ ባለቤቱ ደንግጦ በሠራው ሥራ ነው።

አንድ ዲስክ ስክሪኑ ላይ ብቅ ከማለቱ በፊት በብዙ እጅ ያልፋል። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ማግኘት አለበት። ቀጥሎ በመረጃ ኬብሉ በኩል ከማዘርቦርዱ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ባዮስ (በዛሬዎቹ ማሽኖች ዩኢኤፍአይ የሚባለው) ስሙንና መጠኑን ይመዘግባል። ዊንዶውስ በበኩሉ በድራይቨር አማካይነት ያየዋል፣ ፓርቲሽኖቹን ያነባል፣ የፋይል ሥርዓቱን ይለያል፣ በመጨረሻም ፊደል ይሰጠዋል። እንግዲህ ጥገና ማለት ዲስኩ በየትኛው እጅ ላይ እንደጠፋ ፈልጎ ማግኘት ነው። ለዚህ ደግሞ ምንም ዓይነት ፕሮግራም መግዛት አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ 2 ወይም ዲሊት ተጭነው ባዮስ ውስጥ ይግቡና የዲስኮቹን ዝርዝር ይመልከቱ። ይህች አንዲት እይታ ጥያቄውን ለሁለት ትከፍለዋለች።

እዚያ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ድካም ብቻ ነው፤ ችግሩ ከታች ነው። ማሽኑን አጥፍተው ከኤሌክትሪክ ይንቀሉት። ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት የሳጥኑን ብረት ይንኩ፤ በዚህ አገር ክረምት የቤቱ አየር በጣም ስለሚደርቅ የናይለን ሹራብ ለብሶ ምንጣፍ ላይ የተራመደ ሰው ጣቱ ላይ ሺህ ቮልቶች ይዞ ይዞራል። ኬብሎቹን ነቅለው ይሰኩ፣ በሌላ ኬብል ይቀይሩ፣ ሌላ ሶኬት ይሞክሩ። የሳታ ኬብል ርካሽ ስለሆነ ተጠርጣሪው መጀመሪያ እርሱ ይሁን። አዲስ ኤም ዶት 2 ዲስክ ከገጠሙ በኋላ አሮጌው ዲስክ ከጠፋ ደግሞ የማዘርቦርዱን መመሪያ ያንብቡ፤ በብዙ ሞዴሎች አንዱ የኤም ዶት 2 ቦታ ሲያዝ አንድ ወይም ሁለት የሳታ ሶኬቶች ይዘጋሉ። ብልሽት አይደለም፣ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። ሌላም አለ፦ ከ15 ዲግሪ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ላፕቶፕ ወይም ዲስክ ላብ ያልበዋል። ከነቦርሳው ዘግተው ለጥቂት ሰዓታት ይተዉት፣ ከዚያ ያስነሱት።

ተንቀሳቃሽ ዲስክ ከሆነ ነገሩ ቀለል ይላል። የዩኤስቢ 2 ሶኬት የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር፣ የዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ነው። ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። የጋሼን ዲስክ ያገኘሁት ስልክ፣ የጠረጴዛ መብራትና ፕሪንተር በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ነበር። ነቅዬ በአጭር ኬብል በቀጥታ ማሽኑ ላይ ሰካሁት፤ ፎቶዎቹ ተደርድረው ወጡ። ያ ሳጥን ላይ «እሺ» ብለው ቢሆን ኖሮ ግን ሌላ ታሪክ ነበር የምጽፈው።

ባዮስ አይቶት ዊንዶውስ ካላየው ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለውን ይክፈቱ። ዲስኩ ደህና ሆኖ ፊደል ብቻ አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ፊደል መስጠት መረጃ አይነካም። ከሌላ ዲስክ የተገለበጠ መንትያ ከሆነ ዊንዶውስ ሁለቱን እንዳያምታታ አንዱን «ኦፍላይን» ያደርገዋል። በማክ የተዘጋጀ ዲስክን ዊንዶውስ በራሱ ማንበብ አይችልም፤ ከአዲስ አበባ የሠርግ ቪዲዮ ተልኮላችሁ «ባዶ ነው» ያላችሁ ወገኖች መጀመሪያ የማክ ባለቤት ፈልጉ። «ኢኒሻላይዝ» ወይም «ፎርማት» የሚል ጥያቄ ከመጣ ግን መልሱ አይሆንም ነው። «ቼክ ዲስክ» የተባለውንም አሁን አይጠቀሙ፤ ዲስኩ ላይ ይጽፋልና።

ዊንዶውስ ሊጭኑ ሲሉ «ምንም ዲስክ አላገኘሁም» ከተባሉና ማሽኑ ከ11ኛው የኢንቴል ትውልድ ወዲህ የተሠራ ከሆነ፣ ቪኤምዲ የሚባለው መቆጣጠሪያ ድራይቨር እየጠየቀ ሊሆን ይችላል። ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አውርደው በፍላሽ ያቅርቡለት። ብዙዎች ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማጥፋትን ይመክራሉ። እኔ አልቸኩልም። እ.ኤ.አ. ከ2024ቱ የዊንዶውስ 11 እትም ወዲህ አዲስ ሲጫን ብዙ ማሽኖች ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስኩን ያመሰጥራሉ፤ ባዮስ ሲነካካ ባለ 48 አኃዝ የማስመለሻ ቁልፍ ይጠይቃሉ። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ የማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ተቀምጧል። አስቀድመው ወረቀት ላይ ይገልብጡት።

አሁን ወደ ክፉው ነገር ልምጣ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው ያጥፉት። የንባብ ጭንቅላቱ ከሚሽከረከረው ሰሌዳ በላይ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር ርቀት ነው፤ የፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ናኖሜትር እንደሚለካ ያስቡ። ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት፣ ክዳኑን ኩሽና ውስጥ መፍታት፣ መታ መታ ማድረግ ሁሉ ጉዳቱን ያብሳል። መረጃው ብርቅ ከሆነ ንጹሕ ክፍል ያላቸው ባለሙያዎች ዘንድ ይሂድ፤ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ የኮምፒውተሩን ዋጋ ይበልጣል። ዲስኩ ድምፅ ሳያሰማ እየዘገየ የሚነበብ ከሆነ ደግሞ ዲዲሬስኪው በተባለው ነፃ የሊኑክስ ፕሮግራም መጀመሪያ ሙሉ ቅጂውን ወደ ሌላ ዲስክ አውጥተው፣ ፍለጋውን በቅጂው ላይ ብቻ ያድርጉ። ቴስትዲስክና ፎቶሬክ የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች እዚያ ላይ ድንቅ ይሠራሉ። ኤስኤስዲ የሆነ እንደሆነ ማስጠንቀቂያም ላይኖር ይችላል፤ ማታ ደህና ያደረ ጠዋት የለም።

ዲስክ ምን ያህል ስስ ፍጥረት እንደሆነ ይህች ከተማ ራሷ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 2018 ከስቶክሆልም በስተሰሜን ቬስቢ በሚገኘው የዲጂፕሌክስ የመረጃ ማዕከል የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ተለቀቀ። ጋዙ ሲወጣ የፈጠረው ከፍተኛ ድምፅ ሰርቨሮችን እንዳበላሸ በወቅቱ ተዘግቧል። የናስዳክ የኖርዲክ ገበያዎች ጠዋት መከፈት አልቻሉም፤ ግብይት የተጀመረው ከሰዓት በኋላ ነው። በ2016 ቡካሬስት የሚገኘው የአይኤንጂ ባንክ ማዕከልም በእሳት መከላከያ ልምምድ ላይ ሳለ ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል። ንዝረቱ ጭንቅላቱን ከመስመሩ ያስወጣዋል፣ ዲስኩ ደጋግሞ ይሞክራል፣ መልስ ሲያጣ ማሽኑ «የለም» ብሎ ይመዘግበዋል። እንግዲህ ዲስክዎን ከትልቅ ድምፅ ማጉያ ላይ ያንሱልኝ።

ከዚያ በፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ቀን 2011 ቲኤቶ የተባለው የኮምፒውተር አገልግሎት ኩባንያ የማከማቻ ሥርዓት ተበላሽቶ ሃምሳ ያህል ደንበኞቹ መረጃቸውን ማግኘት አቃታቸው። ከነዚህም ውስጥ አፖቴኬት የተባለው የመድኃኒት ቤት ድርጅት፣ የመኪና ምርመራ ድርጅቱ፣ እንዲሁም እዚሁ ስቶክሆልም ዙሪያ ያሉት የናካና የሶለንቱና ማዘጋጃ ቤቶች ይገኙበታል። የአንዳንዶቹ ሥራ ለመመለስ ሳምንታት ወስዷል። ያን ያህል ትልቅ የማከማቻ ሥርዓት መለዋወጫው በውስጡ ተደራርቦ ነው የሚሠራው፤ ግን ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ መቆጣጠሪያ ይታዘዛል።

ይህን ስናገር እኔም ንጹሕ አይደለሁም። መሐንዲስ ነኝ ብዬ ሁለት ዲስኮች በሬይድ አጣምሬ በአንድ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ነበር፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ይተካዋል ብዬ። የሞተው ግን የሳጥኑ የኃይል ሰጪ ነው፣ ሁለቱንም ይዞ። የመጀመሪያ ልጄ የተወለደችበት ዓመት ፎቶዎች ዛሬ ያሉኝ በስልክ ለእናቴ ልኬላት የነበሩት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ሬይድ ሥራ እንዳይቋረጥ ይረዳል፤ መጠባበቂያ ቅጂ ግን ከማሽኑ የተነቀለና ሌላ ቤት የተቀመጠ ነው።

ዲስኩ በእርግጥ ከሞተና እዚህ አገር የገዙት ከሆነ፣ በስዊድን የሸማቾች ግዢ ሕግ ሬክላሜሽን የማድረግ መብትዎ ለሦስት ዓመት ይዘልቃል። ከግንቦት 1 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሕግ መሠረት፣ በሁለቱ የመጀመሪያ ዓመታት ውስጥ የታየ ጉድለት ሲሸጥ ጀምሮ እንደነበረ ይቆጠራል፤ አይደለም የሚለው ሻጩ ማስረዳት አለበት። ነገር ግን ሱቁ የሚተካልዎ ዲስኩን እንጂ ፎቶውን አይደለም፤ አሮጌውንም ብዙ ጊዜ ይወስደዋል። ውስጡ የሚፈለግ ነገር ካለ መጀመሪያ ያስወጡ፣ ከዚያ ወደ ሱቁ ይውሰዱት።

ጋሼ ዘንድ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየሁ። ሁሉንም ወደ ሁለት አዳዲስ ዲስኮች ገለበጥን። ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ የእናታቸውን ድምፅ ከፍተው አሰሙኝ፤ አንድ ደቂቃ ከምናምን ነው፣ ዶሮ ከጀርባ ይሰማል። በማግስቱ አንዱን ዲስክ በካልሲ ጠቅልለው ዬተቦሪ ላለችው ልጃቸው በፖስታ ላኩላት።