አንድ ሜሞሪ፣ ሁለት ፊደል

በ1990ዎቹ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ፒያሳ የተሻገረ ሰው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አያጣም ነበር። ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፤ ሁሉም በፍሎፒ ይወጣል። ታዲያ አንዱ ቤት ያጻፉትን ሌላው ቤት ሲከፍቱት «ለክቡር» ብሎ የጀመረው ደብዳቤ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ብቅ ይላል። እዚያው አንድ ማሽን ላይ እንኳ ከአንዱ ፕሮግራም ኮፒ አድርገው ሌላው ላይ ፔስት ሲያደርጉት እንዲሁ ነው። ጸሐፊዋ «ቫይረስ ገብቶበታል» ትላለች። ቫይረስ አልነበረም።

ኮምፒውተር ውስጥ አብረው የሚሠሩ ፕሮግራሞች አንዱ የሌላውን ሜሞሪ እንዳይነካ በአጥር ተለያይተው ነው የሚኖሩት። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሲስተም ፋይቭ ዩኒክስ አጥሩ ላይ በር ነበረው፦ ሁለት ፕሮግራሞች ከፈለጉ አንድን የሜሞሪ ክፍል በጋራ ይይዛሉ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው እዚያው ያነበዋል። የዊንዶውስ ኮፒና ፔስትም የዚሁ ዘመድ ነው፤ የተቀዳው ነገር ሁሉም የሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ግን የሚጋሩት ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ሜሞሪው አያውቅም፤ ፕሮግራሞቹ አስቀድመው መስማማት አለባቸው።

የኛዎቹ አልተስማሙም። ያኔ አንድ ፊደል በአንድ ባይት ነው የሚቀመጠው፤ ባይት ደግሞ 256 ቁጥር ብቻ ይይዛል፤ ከዚያም ላይ ጥቂቱ ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዘ ነው። ፊደላችን 33 በ7 ሲባዛ ብቻውን 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዙና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ አንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው ግዕዙን አስቀምጦ እግርና ቀለበት እየቀጠለለት ጻፈ። ብልሃት ነበር፣ ይህን ማንም አይክድም። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎቹም ግን በየራሳቸው ቁጥር ይሠሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን መዘገበ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» የትም ቢሄድ 4608 ነው።

ዩኒኮድ ግን ወደ ኋላ አይሠራም። መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፤ ችግሩ ጽሑፉ በየትኛው እንደተጻፈ መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቁት እኮ ጸሐፊዎቹ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ሰፈሮች ፈረሱ። ከአንድ የተዘጋ ጽሕፈት ቤት የተረፉ ሦስት ፍሎፒዎች እኔ ጋ አሉ። ላያቸው ላይ በእስክሪፕቶ የተጻፈው የደንበኛው ስም ብቻ ነው።