የምግብ እጥረትና ብግነት በኩላሊት እጥበት ታካሚዎች በሽታ የመከላከል አቅም ላይ የሚያሳድሩት ጫና

ኩላሊታቸው ሥራውን በማቆሙ በማሽን የደም እጥበት የሚደረግላቸው ታካሚዎችን ለሞት ከሚዳርጉ ምክንያቶች መካከል ኢንፌክሽን ከልብና ከደም ሥር በሽታዎች ቀጥሎ ይጠቀሳል። በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ በራሱ በሽታ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም ሲሆን፣ የምግብ እጥረትና ሥር የሰደደ ብግነት ደግሞ ችግሩን ያባብሱታል።

በአንድ ጊዜ እጥበት ከ6 እስከ 12 ግራም የሚደርስ አሚኖ አሲድ ከደም ይወጣል። የታካሚው የምግብ ፍላጎት ሲቀንስ ሰውነት የራሱን ጡንቻ ማፍረስ ይጀምራል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትና ፀረ እንግዳ አካላት የሚሠሩበት ፕሮቲንም ያንሳል።

ብግነት ሰውነት ጀርምን ወይም ጉዳትን ለመቋቋም የሚሰጠው ምላሽ ነው። በእጥበት ታካሚዎች ላይ ግን በካቴተር፣ በጥርስ ሕመም ወይም በተጠራቀመ ቆሻሻ ሳቢያ ሳይበርድ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የሚመነጩ እንደ ኢንተርሊውኪን 6 ያሉ ንጥረ ነገሮች የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ፤ ጉበት አልቡሚን የተባለውን ፕሮቲን የሚያመርትበትን መጠንም ይቀንሳሉ።

የመከላከል አቅሙ መዳከም በክትባት ውጤት ይታያል። ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከጤናማ ጎልማሶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በቂ ምላሽ ሲሰጡ፣ ከእጥበት ታካሚዎች መካከል ግን ከ50 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ናቸው። በመሆኑም ክትባቱ በእጥፍ መጠን ይሰጣቸዋል።

የአልቡሚን መጠን በዴሲ ሊትር ከ3.8 ግራም በታች መውረዱ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። ሆኖም ውጤቱን የምግብ ማነስ ምልክት አድርጎ ብቻ መውሰድ የተደበቀ ኢንፌክሽን እንዲታለፍ ያደርጋል።

ከላሊበላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው በይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ ለሚኖር ታካሚ እጥበቱን ለማግኘት ርቆ መጓዝ ተጨማሪ ፈተና ነው። ጾሙም ሊታሰብበት ይገባል። 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን ታካሚ በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ዐቢይ ጾም ግን 55 ቀናት ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የማይበላበት ነው። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ፕሮቲን ቢሰጡም ፖታሲየምና ፎስፈረስ ስላላቸው መጠናቸው በሐኪም ሊወሰን ይገባል። ሕሙማን ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው ከጾም ማረፍ የሚችሉበት ሥርዓትም አለ።

ስለሆነም የእጥበት አገልግሎት ሲታቀድ ከማሽኑ ጎን ለጎን የአመጋገብ ምክር፣ የአልቡሚንና የብግነት ምርመራ፣ ክትባት እንዲሁም ከካቴተር ይልቅ ለኢንፌክሽን እምብዛም የማያጋልጠው ፌስቱላ ሊታሰቡ ይገባል።