የማማ ምርጫና የጋሞ ምድር የአደን ታሪክ

በዚህ አጭር ጥናት ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። አዳኝ አውሬውን የሚጠብቀው የት ተቀምጦ ነው? በመሬት ላይ ነው ወይስ በታንኳ፣ በጉድጓድ አፍ ነው ወይስ በዛፍ ላይ? ነገሩን ጠለቅ ብለን ስንመለከተው ግን ጥያቄው ስለ መቀመጫ ብቻ ሆኖ አናገኘውም። አዳኙ ለምን እንደሚያድን፣ አውሬውም የማን እንደ ሆነ የሚናገር ጥያቄ ነው። በዛሬው ዘመን ለዋላ አደን ተብለው የሚሠሩ፣ በትከሻ የሚያዙ ቀላል የዛፍ ማማዎች በሰሜን አሜሪካ ገበያ በብዛት ይሸጣሉ፤ አዳኞችም የትኛው እንደሚሻል ይከራከራሉ። እኛም ይህን መሣሪያ ከአርባ ምንጭ ዙሪያና ከጋሞ ደጋ የአደን ታሪክ ጋር ብናስተያየው፣ ሁለቱ አገሮች ከዱር አራዊት ጋር የነበራቸው ግንኙነት እንዴት እንደ ተለያየ ይታያል ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ ስለ ዋላ ጥቂት መናገር ይገባል። ዳዊት የደገመ ሁሉ የዋላን ስም ያውቃል፤ በአገራችን ዱር ግን ይህ እንስሳ አይገኝም። ቀንዱን በየዓመቱ እየጣለ እንደ ገና የሚያበቅለው የዋላ ወገን በአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የሚኖረው በሰሜኑ ጫፍ ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ በእርሱ ፈንታ የቆሙት ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ አጋዘን፣ ቦሆርና ቆርኬ ናቸው፤ እነዚህም ቀንዳቸውን ዕድሜ ልካቸውን የማይጥሉ የሌላ ወገን እንስሳት ናቸው። ስለዚህ የዋላ አደን ስንል በጋሞ ምድር የሚዛመደው የእነዚህ አደን ነው።

አሁን ወደ ማማው እንመለስ። ዛፍ የሚወጣው ማማ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የላይኛው መቀመጫ፣ ሁለተኛው የታችኛው የእግር መርገጫ ነው። ሁለቱም በሽቦ ገመድ ወይም በቀበቶ የዛፉን ግንድ ያቅፋሉ። አዳኙ በመቀመጫው ላይ ተደግፎ መርገጫውን በእግሩ ወደ ላይ ይስባል፤ ቀጥሎ በመርገጫው ላይ ቆሞ መቀመጫውን ያነሣል። እንዲህ እያፈራረቀ እንደ አባጨጓሬ ግንዱን ይወጣል። ዋላ ጠላቱን አብዛኛውን ጊዜ በመሬት ላይ ስለሚጠብቅ ከፍ ብሎ የተቀመጠውን ሰው ቶሎ አያየውም፤ የሰው ጠረንም እንደ ነፋሱ ጠባይ ከእንስሳው አፍንጫ በላይ ሊያልፍ ይችላል።

የዚህ ማማ ምርጫ በአራት ነገር ይመዘናል። አንደኛው ክብደቱ ነው፤ በአሉሚኒየም የሚሠሩት በብዛት ከ7 እስከ 14 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ክብደቱ ሲቀንስ ዋጋው ይወደዳል፣ መቀመጫውም ይጠባል። ሁለተኛው የሚሸከመው የሰው ክብደት ነው፤ ይህም በፋብሪካው ተጽፎ ይገኛል፤ አዳኙም የራሱን ክብደት ብቻ ሳይሆን የመሣሪያውንና የልብሱን ክብደት ጨምሮ ማስላት አለበት። ሦስተኛው ድምፁ ነው፤ ብረት ከብረት ጋር ሲጋጭ አውሬው ይሸሻልና። አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ደኅንነት ነው። ከዛፍ ማማ መውደቅ በአሜሪካ አዳኞች ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች ዋነኛው ስለ ሆነ፣ መላ አካልን የሚይዘውን መታጠቂያ ከመሬት ሳይነሡ መታጠቅ የግድ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ እርሱም ቀጥ ያለ፣ በታች ቅርንጫፍ የሌለው ዛፍ ነው። ግንዱን ያቀፈው ቀበቶ ቅርንጫፍ ሊያልፍ አይችልምና።

ይህ መሣሪያ እንዴት ተወለደ? ብለን ስንጠይቅ ታሪኩ የሚጀምረው ከአውሬው ማለቅ ነው። በሰሜን አሜሪካ ጅራተ ነጭ የሚባለው ዋላ በ19ኛው መቶ ዓመት ለሥጋና ለቆዳ ንግድ እየታደነ እጅግ አንሶ ነበር፤ በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ ቁጥሩ ከግማሽ ሚሊዮን እንደማይበልጥ ይገመታል። በዚሁ ዓመት ሌሲ የተባለው ሕግ ወጥቶ ከሕግ ውጭ የታደነ አውሬ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው እንዳይነገድ ከለከለ። በ1937 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚገኘው ቀረጥ ለዱር አራዊት ጥበቃ እንዲውል ተደነገገ። የአደን ወራት ተወሰነ፣ የሚገደለው ቁጥር ተገደበ፣ ዋላ ካለበት ቦታ ወደ ጠፋበት ቦታ ተወሰደ። ከዚህ የተነሣ ዛሬ የዋላው ቁጥር 30 ሚሊዮን ያህል እንደ ደረሰ ይነገራል። ዛፍ የሚወጣው ማማ በገበያ ላይ በሰፊው የታየው ከ20ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ወዲህ፣ ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ነው። ስለዚህ ዋላው በሕግ ተመልሶ መጣ፤ ማማው ተከተለው። ይህን ቅደም ተከተል አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

በጋሞ ምድር ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። ከፍ ብሎ መቀመጥ ለሕዝቡ አዲስ ጥበብ አልነበረም። የቆላው ገበሬ በቆሎውንና ማሽላውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ ለመጠበቅ ማማ ሠርቶ ወንጭፉን ይዞ ይውላል፤ ንብ አርቢውም ቀፎውን በረጅም ዛፍ ላይ ሰቅሎ ማር ለመቁረጥ በገመድ ይወጣል። የዶርዜ ሰው ከቀርከሃ የሚሠራው ቤት ደግሞ ረጅምና ጠንካራ ሆኖ ሳለ፣ ሥሩን ምስጥ ሲበላው ሰዎች ተባብረው አንሥተው ወደ ሌላ ቦታ ሊወስዱት የሚችሉት ቀላል ሥራ ነው። መውጣትን፣ ቀላል መሥራትን፣ ተሸክሞ መሄድን የሚያውቅ ሕዝብ ከሆነ ታዲያ የአደን ዝናው ከዛፍ ላይ ማማ ጋር ያልተያያዘው ስለ ምንድር ነው?

መልሱ በአደኑ ዓላማ ውስጥ ያለ ይመስለናል። በቀድሞው የኢትዮጵያ ልማድ ትልቅ አውሬ መግደል ከሁሉ በፊት የክብር ጉዳይ ነበር። አንበሳና ዝሆን የገደለ ግዳዩን ጥሎ ይፎክራል፤ የአንበሳ ጎፈርም የጀግና ሽልማት ሆኖ በራስ ላይ ይደረግ ነበር። ክብሩም የሚገኘው አውሬውን ቀርቦ፣ ሞትን ፊት ለፊት አይቶ በመግደል ነው። ከዛፍ ላይ ተቀምጦ የገደለ ሰው ምን ብሎ ይፎክራል? ሰብል የሚጠብቅ ግን ክብር አይሻም፤ አውሬው እንዲርቅለት ብቻ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ማማ ላይ መቀመጡ አያሳፍረውም። እንግዲህ አንዱ ከፍታ ለእህል ጠባቂ የተገባ፣ ለጀግና ግን የማይገባ ሆነ ማለት ነው።

የአባያን ሐይቅ ብንመለከት ይህ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በግዲቾ ደሴት ከባይሶ ሕዝብ ጋር የሚኖሩት ሐሮዎች በቀድሞ ዘመን በጉማሬ አደን የታወቁ ነበሩ። አዳኙ በታንኳ ሆኖ በጦር የሚገጥመው አውሬ ታንኳውን ገልብጦ ሊገድለው የሚችል ነው። የዚህ ሐይቅ ታንኳ በውኃ ዳር ከሚበቅል እጅግ ቀላል እንጨት ይታሰራል። ቀላል መሣሪያ ሲባል በዚህ ምድር የተመረጠው ከአውሬው የሚያርቀው ሳይሆን ወደ አውሬው የሚያቀርበው ነበር ለማለት እንደፍራለን።

ጠመንጃና የዝሆን ጥርስ ንግድ ሲስፋፉ ግን ሁኔታው ተለወጠ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጋሞ ምድር በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ሲገባ፣ የዝሆን ጥርስ ከአገሪቱ ዋና ዋና የውጭ ንግድ ዕቃዎች አንዱ ነበር። የአውሮፓ ተጓዦችም በዚሁ ጊዜ ወደ ሐይቆቹ አገር መድረስ ጀመሩ። ኢጣሊያዊው ልዑል ዩጄኒዮ ሩስፖሊ በታኅሣሥ 1893 እ.ኤ.አ. ከጫሞ ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው በቡርጂ አገር ዝሆን ሲያድን በዝሆኑ ተገደለ፤ የጫሞ ሐይቅም በአውሮፓውያን ካርታ ላይ ለብዙ ጊዜ በእርሱ ስም ይጠራ ነበር። ቪቶሪዮ ቦቴጎም በ1896 እ.ኤ.አ. አባያን ማርጌሪታ ብሎ በንግሥቱ ስም ሰየመው። የሐይቆቹ የውጭ ስም አልፎ ዛሬ በአገሩ ስማቸው ይጠራሉ፤ ዝሆኑ ግን አልተመለሰም። የዶርዜ ቤት ፊቱ የዝሆን ፊት የሚመስለው ዝሆን በአካባቢው የነበረበትን ዘመን ለማስታወስ ነው ሲሉ የአገሩ ሰዎች ይናገራሉ። አንድ አውሬ በቤት ቅርጽ ብቻ የሚታወስበት ደረጃ መድረሱ ለታሪክ ተማሪ ቀላል ነገር አይደለም።

የጥበቃ ሕግ በአገራችን ጨርሶ አልነበረም ማለት አይቻልም። በ1909 እ.ኤ.አ. አደንን፣ በተለይም የዝሆንን አደን የሚመለከት ደንብ ወጥቶ ነበር፤ በ1944 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአደን አራዊት ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 61 ታወጀ። በ1963 እ.ኤ.አ. ሰር ጁሊያን ሐክስሊ የሚገኙበት የዩኔስኮ ልዑክ መጥቶ ስለ ጥበቃው ምክር ሰጠ። የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክም አርባ ምንጭ ከተማ በተቈረቈረች በአሥር ዓመት ገደማ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. በአባያና በጫሞ መካከል በ514 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ተቋቋመ። ዋናው ዓላማው በኢትዮጵያ ብቻ ቀርቶ የሚገኘውን የስዌይን ቆርኬ ለማዳን ነበር። ሆኖም የጉጂ ከብት አርቢዎችና የኮሬ ገበሬዎች በዚያው መሬት ላይ የቆየ የኑሮ ጥያቄ ስለ ነበራቸው፣ ጥያቄውም በስምምነት ሳይፈታ ብዙ ዓመታት ስላለፉ፣ ግጦሹ ተጨናነቀ፤ ቆርኬውም በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. በጣት እስኪቈጠር ድረስ አነሰ። በአንጻሩ በ2005 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው በማዜ ብሔራዊ ፓርክ የተሻለ ቁጥር ያለው ቆርኬ ይገኛል።

እንግዲህ ያን ቀላል ማማ ተሸክመን ወደ አገራችን ዛፎች ብንሄድ ምን ይሆናል? ከአርባ ምንጭ በታች ያለው በምንጮቹ ውኃ የሚኖረው ደን በሾላ የታወቀ ነው፤ የሾላ ግንድ ግን ወፍራምና ወጣ ገባ ስለ ሆነ ለቀበቶው አይመችም። የነጭ ሣር ግራር እሾሃምና ከዝቅታ ጀምሮ የሚሰነጠቅ ነው። የማዜ አባሎም አጭርና ጠማማ ነው። ቀጥ ያለው ባሕር ዛፍ ደግሞ በደጋው መንደር ዳር የተተከለ ነው፤ ቆርኬም በዚያ የለም። ስለዚህ በዚህ አገር ለሚጠብቅ ሰው የሚሻለው ዛፍ የሚወጣው ማማ ሳይሆን፣ ቀላል መሰላልና ከቅርንጫፍ ጋር የሚታሰር መቀመጫ ነው፤ ለመሰላሉም የጨንቻ ቀርከሃ ሩቅ አይደለም። መታጠቂያው ግን በሁለቱም ዘንድ ያው ነው፤ ከሾላም ሆነ ከጥድ መውደቅ አንድ ነውና።

ነገር ግን በማማው ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ ከፓርክ ውጭም ያለ ፈቃድ ማደን አይቻልም። በጎረቤታችን በኬንያ የሆነውን ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በ1932 እ.ኤ.አ. በአበርዴር ተራራ አጠገብ፣ የሾላ ዘመድ በሆነ ትልቅ ዛፍ ላይ ትሪቶፕስ የሚባል የእንግዳ ማደሪያ ተሠራ። እንግዶቹ ወደ ዛፉ የሚወጡት ለመግደል ሳይሆን ለማየት ነበር። በየካቲት 1952 እ.ኤ.አ. ልዕልት ኤልሳቤጥ በዚያ ባደረች ሌሊት አባቷ ዐርፎ ንግሥት ሆነች። በዚያች ሌሊት አብሮ የነበረው ጂም ኮርቤት በሕንድ አገር በዛፍ ላይ በታሰረ ማማ እየተቀመጠ ሰው በላ ነብሮችን በመግደል የታወቀ አዳኝ ነው፤ በኋለኛው ዕድሜው ግን ከጠመንጃ ይልቅ ፎቶግራፍ ማንሻ የመረጠ፣ ለአራዊት ጥበቃም የተሟገተ ሰው ሆኗል። ማማው ያው ማማ ሆኖ ሳለ የተቀመጠው ሰው ዓላማ ተለወጠ።

ከዚህ በላይ ከገለጽነው የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። አሜሪካ አስቀድማ ዋላዋን አበዛች፣ ከዚያም ማማዋን አቀለለች። እኛ ግን ማማውን አስቀድመን ብናመጣ የቀረውን ጥቂት አውሬ ለመጨረስ የተመቸ ወንበር ከመሆን አያልፍም። በጋሞ ምድር ዛሬ ማማ የሚያስፈልገው ቆርኬውን ለሚቈጥረው የፓርክ ጠባቂ፣ የአራዊቱን ውሎ ለሚመዘግበው ተማሪ፣ እንደ ጥንቱም ሰብሉን ለሚጠብቀው ገበሬ ነው። ለጠባቂው የሚሠራው መሰላል በዶርዜ ቀርከሃ ሠሪ እጅ ቢሠራ፣ ቈጠራውም ለጉጂና ለኮሬ ልጆች ሥራ ቢሆን፣ አውሬው የማን ነው ለሚለው ለቆየው ጥያቄ የመልሱ መጀመሪያ ይሆን ነበር። የቀድሞ አባቶች ክብርን ከአውሬው ፊት ቆመው ፈለጉ፤ እኛ ደግሞ አውሬው በሕይወት እንዲኖር ከበላዩ ሆነን ብንጠብቀው ክብሩ ያነሰ አይሆንም።