ቀለህ የማይጣልበት ደጋ

መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ አንድ አዛውንት ከጋቢያቸው ሥር የመርፌ ማኖሪያ አውጥተው አሳዩኝ። ጣት የሚያህል የጠቆረ ናስ ነው፤ አፉ ላይ የወይራ ቁራጭ ተወትፎበታል። «አባባ፣ ይህ እኮ የውጅግራ ቀለህ ነው» አልኳቸው። «ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል ልጄ? የእናቴ ነው» አሉና እጄ ላይ ጣል አደረጉልኝ። አንገቱ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። አዲስ ጥይት አንዴ ተተኩሶ እንዲህ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው፤ ናሱ ደጋግሞ ሲሞላና ሲተኮስ ግን ይደርቅና አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። ይህ ቀለህ ከመርፌ በፊት ባሩድ የጎረሰው አንድ ጊዜ ብቻ አይመስለኝም።

አደን መዝናኛ በሆነበት አገር ስለ ጥይት የማያልቅ ክርክር አለ፤ ራስ የሞላው ይሻላል ወይስ ፋብሪካ የሠራው? ራሳቸው የሚሞሉት ሰዎች መልስ አያጡም። ፋብሪካ ጥይቱን የሚሠራው በዓለም ላይ ላለ ለዚያ ዓይነት ጠመንጃ ሁሉ ነው፤ እነሱ ግን ባሩዱን መዝነው፣ የአረሩን አቀማመጥ ለክተው፣ ለአንድ አፈሙዝ ብቻ ይሰፉለታል፤ ልክ እንደ ልብስ ሰፊ። ዒላማው ላይ የሚያርፉት ቀዳዳዎች ይቀራረባሉ፣ ወጪም ይቀንሳል ይላሉ። የፋብሪካው ወገን ደግሞ ዛሬ ማሽኑ የሰው እጅ ላይ ደርሷል ባይ ነው። መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ላይ ጥያቄው ያው ሆኖ ሳለ መልሱ ግን ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። እዚህ በእጅ የተሞላ ጥይት የጥራት ምርጫ ሆኖ አያውቅም። ጠመንጃ ሥራ እንዳይፈታ ማድረጊያ ነበር።

መጀመሪያ ነገር፣ ጥይት የሚባል ሙሉ ዕቃ ከመምጣቱ በፊት የሚተኮሰው ሁሉ በእጅ የተሞላ ነበር። በአፈሙዙ ባሩድ አፍስሶ፣ አረር ከትቶ፣ በዘንግ ጎስጉሶ፣ ክር ለኩሶ መተኮስ ነው። ለባሩዱ የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ከዋሻና ከበረት አፈር የሚጣራ የባሩድ ጨው፣ ከሰልና ድኝ። ድኙ ከአፋር ቆላ፣ ከዶፋን ተራራ ይመጣ ነበር። መነሻቸው መንዝ የሆነው የሸዋ ገዢዎች የጠመንጃን ነገር ከእጃቸው አያወጡም፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ መሣሪያውን በግምጃ ቤት እየቆለፉ ለዘመቻ ብቻ ያወጡት ነበር። በኅዳር 1834 ዓ.ም. የእንግሊዙ መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራረመ፤ ካመጣው እጅ መንሻ ውስጥ ዓይን የሳበው 300 ጠመንጃ ነበር። በዚያ ዘመን ገበሬው በጠመንጃ አዳኝ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ጦርና ጋሻ፣ ወጥመድና ውሻ ነበሩት።

አረር የሚያቀልጠው፣ የተሰበረ ቃታ የሚጠግነው ጠይቡ ነበር። ቀን ቀን ሥራውን እየለመኑ ማታ ማታ ቡዳ ነው ብለው የሚሸሹት ያው ጠይብ። ስለ ጠመንጃ ጀግንነት ብዙ ተፎክሯል፤ ስለ ጠጋኙ ግን ፉከራ ሰምቼ አላውቅም።

ለውጡ የመጣው በቀለህ ነው። ሰናድር፣ ረሚንግተን፣ ከዚያም የፈረንሳዩ ውጅግራ ከኋላ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች ናቸው፤ ባሩዱም አረሩም እሳት ሰጪዋም በአንድ የናስ ዕቃ ታሽገው ይመጣሉ። በ1879 ዓ.ም. የካቲት ግድም ገጣሚነቱን የተወው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ ከታጁራ የነዳውን ግመል አንኮበር አደረሰ፤ የያዘው 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች አካፍሏቸው፦ ለአንድ ጠመንጃ ሠላሳ ጥይት እንኳ አይደርስም። ደጋው ቀለህን ለምን መጣል እንዳልቻለ ይህ ስሌት ፍንጭ ይሰጣል።

ውጅግራ (ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት) ለመሞላት የተፈጠረ ይመስል ነበር። አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ አረሩ 25 ግራም ያህል የሚመዝን ልብስ የሌለው እርሳስ ነው፤ ባሩዱ ጥቁሩ፣ ጠይቡ የሚያውቀው ባሩድ ነው። እርሳሱ በሸክላ ወይም በድንጋይ ቅርጽ ይፈሳል፣ ባሩዱ በስፍር ይገባል፣ አረሩ ይወተፋል። አንዲት ነገር ብቻ ከጠይቡ አቅም በላይ ነበረች፦ በቀለሁ ቂጥ ላይ የምትቀመጠው ቆብ፣ ካፕሱል የሚሏት። ምስር የምታህል ናት፤ መቺው ሲነካት ብልጭ ብላ ባሩዱን ታቀጣጥላለች። የፋብሪካንና የእጅን ጥይት የለያቸው ባሩድ አልነበረም፣ እርሳስም አልነበረም፤ እሷ ናት። ቆቡ አርጅቶ እርጥበት ከገባው ቃታ ይሳባል፣ መቺው ይመታል፣ ድምፅ የለም። ከሸፈ። ዛሬ ዕቅድም ስብሰባም ከሸፈ ስንል ከጠመንጃ የተዋስነውን ቃል ነው የምንጠቀምበት።

ለአዳኝ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በጀማ ሸለቆ ገደል ላይ ድኩላ የሚያደባ ሰው በእጅ በተሞላ ጥይት ሲተኩስ፣ ስፍሩ አንዱ ከአንዱ ስለሚለያይ አረሩ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። ጭሱ ፊቱን ይሸፍነዋል፤ መምታት አለመምታቱን የሚያውቀው ጭሱ ሲገለጥ ነው። ጥቂት ከተኮሰ በኋላ አፈሙዙ በጥላሸት ይደፈናል፣ በውኃ ካልታጠበ ይዝጋል። ስለዚህ ተኩሱ ቅርብ ነው፣ ትዕግሥቱ ረጅም ነው። ለቆቅና ለድኩላ ይህ ያስኬዳል። ወደ አዋሽ ቆላ ወርዶ ግዳይ ሊጥል የተነሣ ሰው ግን አንበሳ ፊት ቆሞ «ከሸፈ» ማለት አይፈልግም፤ የዝናሩን የፋብሪካ ጥይት ለዚያች ደቂቃ ያቆያታል። በአሜሪካ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ጎሽ የፈጁት አዳኞችም ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ቀለሃቸውን ይሞሉ ነበር። እነሱ ግን ቆቡን በካርቶን ይገዙታል። የእኛው ሰው የቆብ መደብር አልነበረውም።

ሙሉ ጥይት ብርቅ ስለሆነ ገንዘብ ሆነ። ከማሪያ ቴሬዛ ብር በታች ዝርዝር ሲጠፋ፣ ከአሞሌው ጎን የውጅግራ ጥይት በገበያ ይመነዘር ነበር። ምኒልክ የራሳቸውን ብር ካስቀረጹ በኋላም ይህ ልማድ ቶሎ አልለቀቀም። እዚህ ላይ የሸማች ዓይን አዳኙን ይበልጣል፦ ጥይቱን ጆሮው ላይ አስጠግቶ ያንቀጫቅጨዋል፣ አንገቱን ያገላብጣል፣ ቆቡ ተነካክቶ እንደሆነ ያያል። በእጅ የተሞላው ከፋብሪካው እኩል አይመነዘርም ነበር።

ትልቁ የፋብሪካ ጥይት ስጦታ ደግሞ ከጠላት እጅ መጣ። በ1885 ዓ.ም. ኢጣሊያ ምኒልክን ለማባበል 2 ሚሊዮን ጥይት ላከች፤ ንጉሠ ነገሥቱ ጥይቱን ተቀብለው የውጫሌን ውል አፈረሱ። ከሦስት ዓመት ግድም በኋላ ዐድዋ ሆነ።

በእጅ የተሞላው ጥይት ዘመን ያበቃው ግን በዘመቻ ሳይሆን በኬሚስትሪ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበል የተባለውን ጠመንጃ ስታወጣ ባሩዱ ጭስ አልባ ሆነ፣ አፈሙዙ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ጠበበ፣ አረሩ የመዳብ ቅይጥ ለበሰ። ምንሽሩም፣ መስኮቡም፣ ቤልጅጉም በዚያው መንገድ ተከተሉ። ጭስ አልባው ባሩድ በሙቀጫ የሚወቀጥ አይደለም፤ ናይትሪክ አሲድ፣ ኤተርና አልኮል የሚጠይቅ የፋብሪካ ሥራ ነው። ልብስ የሌለው እርሳስ ደግሞ በዚያ ፍጥነት ሲወጣ የአፈሙዙን ጠምዛዛ መስመር ሳይዝ ይላጣል። የመንዝ ጠይብ በአንድ ትውልድ ከጥይት ሥራ ወጣ። ጠመንጃው ተሻለ፣ ባለቤቱ ግን የባሕር በር ላላቸው ሰዎች ጥገኛ ሆነ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በ1899 ዓ.ም. ስለ መሣሪያ ንግድ ተስማሙ፤ በ1927 ዓ.ም. ክረምት፣ የኢጣሊያ ወረራ ደጅ ሲደርስ፣ ለንደንና ፓሪስ የመሣሪያ ፈቃድ ከለከሉ።

የዚህ የጥይት እጥረትና ጥገኝነት ማስረጃ መሬት ላይ የተገኘው እዚያው መንዝ ጌራ ምድር፣ ዘረት ዋሻ ውስጥ ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር የተሾመ ሸንቁጤን አርበኞች ከነቤተሰባቸው በዋሻው ከቦ የመርዝ ጋዝ ተኮሰባቸው፤ እጃቸውን ከሰጡት በመቶ የሚቆጠሩ ተረሸኑ። ተሾመ ከጥቂቶች ጋር በጨለማ አመለጠ። አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ-ሩይባል፣ ዮናታን ሳህሌና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት የአርኪዮሎጂ ጥናት ዋሻው ውስጥ ከጎተራና ከሸክላ ስባሪ ጋር የተለያየ አገር፣ የተለያየ ዘመን ቀለህ መኖሩን አሳይቷል። ያ ልዩነት ለእኔ ከማንኛውም ፉከራ በላይ ይናገራል። ተመትቶ የቀረ አርበኛ ዝናር አጠገቡ ላለው ሰው ጠመንጃ አይሆንም ማለት ነው። የጣሊያን ጥይት ከጣሊያን ጠመንጃ ጋር መማረክ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ከነፃነት በኋላ በቼኮዝሎቫኪያ ባለሙያዎች ርዳታ አዲስ አበባ ላይ የጥይት ፋብሪካ ተሠራ፤ በደርግ ዘመን ደግሞ በአምቦ አካባቢ ሆሚቾ ተተከለ። ሁለቱም የተሠሩት ለጦር ሠራዊት ነው እንጂ ለአዳኝ አይደለም። አደኑ ራሱም ጠቧል። በመንዝ የጓሳ ደጋ ላይ ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን የሚጠብቁት ቄሮ በሚባለው ጥንታዊ የጋራ ግጦሽ ሥርዓት ሣሩን ሲጠብቁ የኖሩት የመንዝ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ እዚያ ጠመንጃ ተሸክሞ መገኘት ያስጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከመጣ ወዲህ ደግሞ መሣሪያ መያዝ በፈቃድ ነው። ዛሬ በአገራችን ለግዳይ መታሰቢያ የሚያድነው በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ ጥይቱን ከነካርቶኑ ይዞ ይገባል፣ ቀለሁንም ያለ ሐሳብ ጥሎ ይሄዳል።

ቀለሁን ወደ ብርሃን አዙሬ ቂጡ ላይ ያለውን ፊደል ለማንበብ ሞከርኩ። የፋብሪካው ምልክት ተፍቋል፤ የቀረው አንድ ቀስት የሚመስል ጭረትና ቆቡ የተመታበት ጉድጓድ ነው። አዛውንቱ ተቀበሉኝ፣ የወይራውን ውታፍ በጥርሳቸው ነቀሉ፣ መርፌ መዘው የጋቢያቸውን የተተረተረ ጥለት መውጋት ጀመሩ።